ጽዳቱ በደቦ፣ ውኃው በወንፈል፦ የተረሳ የጋራ ቦታን በተጣለ ዕቃ ማልማት

በብዙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጀርባና በብዙ የቀበሌ ግቢዎች ጥግ አንድ የተለመደ ቦታ አለ። ከግንባታ የተረፈ የብሎኬት ስብርባሪ፣ የተቀደደ ከረጢት፣ የዘይት ጀሪካን፣ ያረጀ ጎማና ነፋስ የሰበሰበው ፌስታል ተከማችቶበታል። በክረምት አረም ይውጠዋል፤ በበጋ አቧራ ይነሣበታል። ቦታው የሁሉም በመሆኑ ሁሉም ያልፍበታል፤ የማንም ባለመሆኑም ማንም አያነሣው።

እንዲህ ያለውን ቦታ ወደ አትክልት ሥፍራ መለወጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መደቡ ከተጣለው ዕቃ፣ አፈሩም ከወጥ ቤት ተረፈ ምርት ሊሠራ ይችላል። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የከተማ ነዋሪዎች በግቢያቸው አትክልት እንዲያለሙና ዶሮ እንዲያረቡ የሚሰጠው ማበረታቻ ጨምሯል። ይሁን እንጂ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ በብዙ ሰው ጉልበት ጸድቶ፣ ችግኝ ተተክሎበት፣ ጥር ላይ ደርቆ የሚገኝ የጋራ ቦታም ጥቂት አይደለም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ዘሩ ወይም ዕቃው ሳይሆን የሥራው አደረጃጀት ነው።

ገበሬው ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ደቦ ለአንድ ከባድ ሥራ ሰው በብዛት ተጠርቶ፣ ተበልቶና ተጠጥቶ በዕለቱ የሚበተን ነው። ወንፈል ግን ተራ አለው፤ ዛሬ የሠሩለት ነገ ይሠራል፣ የቀረም ይጠየቃል። የጋራን ቦታ ማጽዳት የደቦ ሥራ ነው፤ ማጠጣቱ፣ ማረሙና መጠበቁ ግን የወንፈል። ብዙ ጅምሮች በደቦ ተወልደው ወንፈሉን በማጣት ይሞታሉ።

በቅድሚያ የቦታው ጉዳይ

አካፋ ከመነሣቱ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ የቦታው አስተዳዳሪ ማን ነው የሚለው ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጉዳዩ በሕግ የተመለከተ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንደሚቋቋምና የጋራ መጠቀሚያዎችንም ማኅበሩ እንደሚያስተዳድር ይደነግጋል። ስለዚህ ውሳኔው በማኅበሩ ስብሰባ ተነሥቶ በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር ይገባል። ከሕንፃው ውጭ ባለ ክፍት ቦታ ደግሞ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከቀበሌው ወይም ከከተማው አስተዳደር ነው። ያለ ፈቃድ የተጀመረ ልማት ቦታው ለሌላ ተግባር በተፈለገ ጊዜ ጥያቄ ማቅረቢያ ሰነድ አይኖረውም።

በስብሰባው ላይ የሚቃወሙ ነዋሪዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ልብስ የሚያሰጡበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ወይም ድንኳን የሚተከልበት ሥፍራ እንዳይጠፋ መሥጋታቸው ተገቢ ነው። መፍትሔው የልብስ ማስጫውን፣ የመጫወቻውንና የለቅሶ ወይም የሰርግ ድንኳን የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ በገመድ ለይቶ፣ ለአትክልት የሚሆነው የትኛው ጥግ እንደሆነ ሁሉም በዓይኑ እንዲያየው ማድረግ ነው። የፍሳሽ ማስወገጃ ጉድጓድ ክዳንና የውኃ ቆጣሪ ያሉበት ሥፍራ ምንጊዜም ክፍት ሊሆን ይገባዋል።

ቀጥሎ ቦታው ራሱ ይጠናል። አብዛኞቹ አትክልቶች በቀን 6 ሰዓት ያህል የፀሐይ ብርሃን ይፈልጋሉ። ረጅም ሕንፃ የሚጥለው ጥላ በጠዋት፣ በቀትርና በማታ የት እንደሚያርፍ ለጥቂት ቀናት መከታተል ብዙ ኪሳራ ያድናል። ቆስጣና ሰላጣ ከፊል ጥላን ይችላሉ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ግን አይችሉም።

የአፈሩ ታሪክም መታወቅ አለበት። ቀድሞ ጋራዥ ወይም የባትሪ መጠገኛ በነበረበት፣ የተቃጠለ ዘይት በፈሰሰበት ወይም ፍሳሽ በሚያልፍበት ቦታ የሚበላ ነገር በቀጥታ መሬቱ ላይ መትከል አይመከርም። እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች በዓይን አይታዩም፤ በማጠብና በመቀቀልም ከቅጠሉ ውስጥ አይወጡም። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ጥናቶች ይህን ዓይነቱን ብክለት አሳይተዋል። በሚያጠራጥር ቦታ ወይም በሲሚንቶ በተሸፈነ ግቢ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ፣ ከታወቀ ሥፍራ በመጣ አፈር መሙላት ይሻላል።

የሚያገለግለውና የማያገለግለው ዕቃ

ዕቃ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ሊሠራበት ይችላል የሚለው መሆን የለበትም። ቀድሞ ምን ነበረበት ተብሎ ይጠየቅ። የምግብ ዘይት ጀሪካን፣ የእህል ከረጢት፣ የታሸገ ውኃ ፕላስቲክ፣ የሸክላና የብሎኬት ስብርባሪ፣ ቀለም ያልተቀባ ጣውላና ያልዛገ ቆርቆሮ ለመደብና ለአጥር ይሆናሉ። ከቆራሌውና ከልዋጩ እጅ በትንሽ ገንዘብ የሚገኘው ያረጀ ባልዲ ወይም ሳፋም ግርጌው ተበስቶ ችግኝ ያበቅላል።

በምንም ምክንያት ወደ አትክልቱ መግባት የሌለበት የፀረ ተባይና የፀረ አረም መያዣ ነው። በገጠርም ሆነ በከተማ እነዚህን መያዣዎች አጥቦ ለውኃ፣ ለጠላ ወይም ለዘይት መጠቀም የሚታይ ልማድ ነው፤ አደገኛም ነው። ፕላስቲኩ መርዙን ወደ ራሱ ስለሚስብ እጥበት አያጠራውም። ገበሬው መያዣውን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፣ የእጥበቱን ውኃ ወደ መርጫው መልሶ፣ ማንም እንዳይጠቀምበት በስቶ ማስወገድ ይኖርበታል። የመኪና ባትሪ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የቀለምና የሞተር ዘይት ቆርቆሮ፣ አስቤስቶስ ያለበት አሮጌ የጣሪያ ክዳንም ከዚሁ ወገን ናቸው።

የመኪና ጎማ ያከራክራል። ጎማ ዚንክና ሌሎች ኬሚካሎችን የያዘ በመሆኑ ለአበባ፣ ለአጥርና ለመቀመጫ ማዋሉ ከጥርጣሬ ያድናል፤ የሚበላውን በሌላ መደብ ማልማት ይቻላል። ጎማ ውኃ እንዲያቁር መተው ደግሞ ትንኝ ማርባት ነው። የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ ሲገኝ ምልክቱ ይታይ። በላቲን ፊደል ኤች እና ቲ የተጻፈበት በሙቀት የታከመ ነው፤ ኤም እና ቢ የተጻፈበት ግን በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለአትክልት አይሆንም።

ከረጢቱ መደብ ሲሆን

ቦታ ለጠበበው ግቢ በተለምዶ ማዳበሪያ እየተባለ የሚጠራው ባለ 50 ኪሎ ከረጢት እጅግ ይመቻል። በናይሮቢ የኪቤራ መንደር ነዋሪዎች በዚህ መንገድ ጎመን ያለማሉ። ኩባም እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲቋረጥባት በመዲናዋ በሃቫና ባዶ የነበሩ ቦታዎችን በጣውላ፣ በድንጋይና በአሮጌ የጣሪያ ክዳን በታጠሩ ከፍ ያሉ መደቦች ሸፍናለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቀላል። አፈሩ መረሬ ከሆነ የአሸዋው መጠን ከፍ ይላል። የከረጢቱ አፍ ወደ ውጭ ይጠቀለልና ግርጌው ላይ ጠጠር ይነጠፋል። ከዚያም ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ ትልቅ ጣሳ መሐል ላይ ቆሞ በጠጠር ይሞላል፤ ዙሪያውን አፈሩ ይጨመራል። ጣሳው ወደ ላይ ይሳብና እንደገና በጠጠር ይሞላል፤ ይህ ከረጢቱ እስኪሞላ ይደጋገማል። በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች የሚደርስ የጠጠር ዓምድ ይቆማል። ያለዚህ ዓምድ ውኃው ከላይ ተንጣሎ ይቀራል፤ የታችኞቹ ችግኞች ይጠማሉ፣ የላይኞቹ ይበሰብሳሉ።

በከረጢቱ ጎን፣ እርስ በርሳቸው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው፣ በሦስት ረድፍ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበጃሉ። በጎኑና በአናቱ ወደ 20 የሚጠጉ የጎመን፣ የቆስጣ ወይም የሰላጣ ችግኞች ይተከላሉ። በመሬት ላይ ይህን ያህል ጎመን 2 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይወስድ ነበር፤ ከረጢቱ የሚይዘው ግን ከዚያ ከአንድ አሥረኛ በታች ነው። ካሮትና ቀይ ሥር በጎን ቀዳዳ አያድጉም፤ ቦታቸው 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሣጥን ወይም መደብ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። በአፈር የተሞላና የራሰ ከረጢት ከ80 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል በረንዳ ላይ መደርደር የለበትም። በተጨማሪም ከረጢቱን ፀሐይ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ክሩ መበጣጠስ ሲጀምር ሳይውል ሳያድር ካልተለወጠ የፕላስቲክ ብጣሹ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል፤ ጽዳት ተብሎ የተጀመረው ሥራም ሌላ ቆሻሻ ይሆናል።

አፈር ከወጥ ቤት

ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት። ይህ ሁሉ ከፌስታል ጋር ተደባልቆ ሲጣል ሸክም ይሆናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው ከግቢ የወጣ ቆሻሻ የትም እንደማይጠፋ ያሳየ አሳዛኝ ክስተት ነበር።

ለኮምፖስት በጥላ ሥር ስፋቱም፣ ርዝመቱም፣ ቁመቱም 1 ሜትር የሆነ ክምር ይበቃል። ደረቁ፣ ማለትም የጤፍ ጭድ፣ የደረቀ ቅጠልና የተቀደደ ካርቶን፣ ከእርጥቡ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን። በየንብብሩ መካከል ጥቂት አፈርና አመድ ይነሰነሳል። ከክምሩ የተወሰደ እፍኝ ሲጨመቅ እጅን አርሶ የማይንጠባጠብ ከሆነ እርጥበቱ ልክ ነው። ረጅም እንጨት ወደ መሐሉ ሰክቶ ጥቂት ቆይቶ ሲመዘዝ የሚሞቅ ከሆነ ሥራው እየተካሄደ ነው። ከቀዘቀዘ ይገለበጣል፤ ከደረቀ ውኃ ይጨመርበታል። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ የተገለበጠ ክምር በሦስት ወር ገደማ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ይሰጣል። ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት የነካው ምግብና የውሻ ኩስ አይጨመሩበትም፤ አይጥና በሽታ ይጠራሉ።

ገበሬውና ከተሜው የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። ጭዱም ፍጉም ያለው ገበሬው ዘንድ ነው፤ ሆኖም በደጋው ፍግ ለኩበት ስለሚፈለግ በነፃ ይገኛል ብሎ ማሰብ አይገባም። በገበያ ቀን የሚመጣ ገበሬ ጭዱን ወይም የበሰበሰውን ፍግ ይዞ መጥቶ ቢሸጥ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል፤ በሽታም ያመጣል፤ ከወራት በፊት የተከመረው ይመረጣል።

ውኃው ስንት መደብ ይችላል?

ከሁሉም በላይ የጋራ አትክልትን የሚገድለው ስሌት ያልተሠራለት ውኃ ነው። በበጋ አንድ ከረጢት በቀን 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል። 20 ከረጢት 100 ሊትር፣ ማለትም አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየቀኑ ይጠይቃል። የጋራው ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማን ይሸከማል?

የዝናብ ውኃ ያግዛል፤ ልኩ ግን መታወቅ አለበት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሺህ ሊትር ይሰጣል፤ የሚፈስሰውና የሚተነው ሲቀነስ 800 ሊትር ያህል በአሸንዳ ይሰበሰባል። ይህ ለ20 ከረጢት የስምንት ቀን ውኃ ነው፤ ባለ 200 ሊትር አንድ በርሜል ብቻ ካለ ግን የሚተርፈው የሁለት ቀን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የከረጢቱ ቁጥር በተገኘው ከረጢት ብዛት መወሰን የለበትም፤ የሚወስነው በሚያዝያ ደረቅ ሳምንት ሊቀርብ የሚችለው ውኃ ነው። ስድስት ከረጢት ሳይደርቅ መክረም ሠላሳው ደርቆ ከማየት ይሻላል።

ውኃ ቆጣቢ ዘዴዎችም አሉ። አፈሩን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ መሸፈን ትነትን ይቀንሳል። ክዳኑ በመርፌ የተበሳ፣ ግርጌው የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ተገልብጦ ከሥሩ አጠገብ ሲተከል ውኃውን በጠብታ ይሰጣል። ማጠጣት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። አትክልትና እህል የታጠበበት ውኃ ይሆናል፤ በረኪና ወይም የዱቄት ሳሙና ያለበት ግን አይሆንም። የፍሳሽ ቦይ ውኃ የወስፋትና የሌሎች ጥገኛ ትሎችን እንቁላል ስለሚይዝ በጥሬው በሚበላ ሰላጣ ላይ ፈጽሞ መፍሰስ የለበትም።

ምን፣ መቼ?

ለጀማሪ ቡድን ቶሎ የሚደርስና ተደጋግሞ የሚቆረጥ አትክልት ይመረጣል። ቆስጣና ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳሉ፤ ሀበሻ ጎመንና ቆስጣ የውጭ ቅጠላቸው ብቻ እየተነቀለ ለወራት ይመገባሉ። በዙሪያው በሶብላ፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ቢተከሉ ብዙ እንክብካቤ ሳይፈልጉ ለሁሉም ቤት ይዳረሳሉ።

የአየር ንብረቱ ምርጫውን ይለውጠዋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋ ከተሞች ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ስለሚያሠጋ ቲማቲምና ቃሪያን ትቶ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት መትከል ይሻላል። እንደ ባሕር ዳርና ኮምቦልቻ ባሉ ወይና ደጋ ከተሞች ብዙው ይሆናል፤ ቲማቲም ግን የክረምቱ እርጥበት በሽታ ስለሚያመጣበት በበጋ ውኃ እየጠጣ ቢለማ ይመረጣል። እንደ መተማ ባለ ቆላ ሰላጣ በሙቀት ፈጥኖ ወደ አበባ ይሄዳል፤ ባሚያና ቃሪያ ይስማሙታል። ቅጠላ ቅጠል በእጅጉ የሚፈለግበት ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የተተከለ ቆስጣ በጾሙ መባቻ ለቤት ይደርሳል፤ ለረመዳን ሰላጣም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው።

ተባይ ሲታይ ሰው በሚኖርበት ግቢ ኬሚካል መርጨት አይገባም። ክሽክሽ ቀለል ባለ የሳሙና ውኃ ታጥቦ ይወገዳል፤ የታመመ ተክል ተነቅሎ ይወጣል። ለፍየልና ለዶሮ የእሾህ አጥር፣ ለጥርጣሬ ደግሞ የአካባቢው የግብርና ባለሙያ አለ።

ተራውና ድርሻው

የጋራ አትክልት በመጨረሻ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በሰው ነው። ለዚህ አዲስ አደረጃጀት መፍጠር አያስፈልግም፤ እድር ለዘመናት የተፈተነ ሥርዓት አለው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ የውኃው ተራ በቤት ቁጥር ተጽፎ በደረጃው ሥር ይለጠፋል። ለምሳሌ 14 አባወራዎች ቢሳተፉ ለእያንዳንዱ ቤት በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይደርሰዋል። ተራውን ያጓደለ እንደ እድሩ ደንብ መጠነኛ ቅጣት ይከፍላል፤ የታመመ ወይም መንገደኛ ተራውን ይለዋወጣል። ጀሪካን መሸከም የማይችሉ አረጋውያን ችግኝ በማፍላትና ዘር በመያዝ ድርሻቸውን ሊወጡ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ሙያውን ከገጠር ይዘውት የመጡ ናቸው።

የምርቱ ክፍፍልም ከመትከል በፊት ይወሰን። በመከር ቀን የሚነሣ ክርክር መራራ ነው። አንዱ መንገድ ለየቤቱ ከረጢት ማደል ነው፤ ሌላው በሳምንት በታወቀ ቀን አንድ ላይ ቆርጦ እኩል መካፈል። የመጀመሪያው ትጋትን ያበረታታል፤ ሁለተኛው ጉርብትናን ያጠብቃል። ጠቅላላ ምርቱ ሲካፈል ለአንድ ቤት የሚደርሰው አንድ እስር ጎመን ብቻ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መናገርም ያስፈልጋል። የጋራ ጓሮ የቤተሰብን አስቤዛ አይተካም፤ የሚቆርሰው ከአትክልት ወጪው ጥቂቱን ነው። ትርፉ ግን በዚያ ብቻ አይለካም። ቆሻሻ የነበረው ጥግ ሰው የሚቆምበት ይሆናል፤ ልጆች ጎመን ከምን እንደሚበቅል ያያሉ፤ በደረጃ ላይ ሰላምታ ብቻ ይለዋወጡ የነበሩ ጎረቤታሞች ስለ ውኃ ተራ ይነጋገራሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንዲሉ።

ስለዚህ ለመጀመር ያሰበ ሰፈር የሚቀጥለውን ዝናብ መጠበቅ አይኖርበትም። በዚህ ሳምንት ስብሰባ ጠርቶ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የኮምፖስቱን ክምር መጀመርና የውኃውን መጠን ማስላት ይቻላል። ክምሩ በሚበስልባቸው ሦስት ወራት ውስጥ የተራው ዝርዝር ቢያንስ ለአንድ ወር ክምሩን በማገላበጥ ይፈተን። ዝርዝሩን አክብሮ ክምሩን ያገላበጠ ሰፈር ችግኙንም ያጠጣል፤ ያላገላበጠ ግን ችግኝ ከመግዛቱ በፊት ዳግም መሰብሰብ ይኖርበታል።